ሲኦል ያለ እሳት

ሲኦልን ፎቶ አንሡ ብትባሉ ምን ታነሣላችሁ? ጣሊያናዊው ዳንቴ ስለ ሲኦል የጻፈው ግጥም 700 ዓመት አልፎታል። ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህ ከዚያ ግጥም ተነሥታ በ2013 እ.ኤ.አ. «99» የተሰኙ ፎቶዎችን ሠራች። ነበልባል አልፈለገችም። ያሳየችን ፊቷን ነጭ የተቀባች ሴት ናት፤ እጆቿ ግን ደም የነካቸው ይመስል ቀይ ናቸው። ብርታቷ እዚህ ላይ ነው፤ ግጥሙን አልገለበጠችም፣ ጥያቄውን ወደ እኛ እጅ አዞረችው እንጂ።

እኛስ? እዚህ ዓለም ባንክ ፀሐይ ስትጠልቅ እናነሣና ጥቅስ እንለጥፍበታለን። ቃሉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እስቲ በዚህ ሳምንት የጠፋውን ልጅ ታሪክ አንብቡ፤ ስለ አባቱ ዓይን አምስት መስመር ጻፉ። ከዚያ ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ። ታክሲ ተራው ጋ መንገድ መንገድ የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ አስፈቅዳችሁ አንሡት።