የቬስፓ አንገት

አሮጌ ቬስፓ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስለ ሞተሩ ብዙ ያወራሉ፤ ስለ ካርቡራተሩ፣ ስለ ካንዴላው፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ስለማለቱ። ስለ ፊተኛው ክፍል ግን ወጥተው ሊሄዱ ሲሉ ነው ትዝ የሚላቸው፦ «ጋሼ፣ እግረ መንገድዎን ትንሽ ግራሶ ነካ ነካ ያድርጉለት።» ነካ ነካ የሚባል ሥራ እዚያ የለም። በአሮጌ ግራሶ ላይ አዲስ መጨመር ገላን ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት ነው፤ አቧራውና የብረት ብናኙ እዚያው ተቀምጦ መፍጨቱን ይቀጥላል።

ቬስፓን የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። በ1946 እ.ኤ.አ. ፒያጆ ላወጣት ስኩተር የፊት ጎማውን የሰቀለው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን ብቻ ነው። ጎማ ለመቀየር እጅግ ይመቻል፣ እንደ መኪና ብሎን ፈትቶ ማውጣት ነው። ነገር ግን ክብደቱም፣ ፍሬኑም፣ ጉድጓዱም የሚያርፈው በአንዲት አጭር ክንድና ክንዷን በምትይዘው ፒን ላይ ነው።

እኔ የምጀምረው ከመሪው ነው። ከስኩተሯ ሆድ ሥር እንጨት አስገብቼ የፊት ጎማውን ከመሬት አነሳና መሪውን በሁለት ጣት እገፋዋለሁ። ደህና ከሆነ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በራሱ ክብደት ይወድቃል። ብዙዎቹ ግን ልክ ቀጥ ሲሉ መሃል ላይ ቀጭ ብለው ይይዛሉ። ስኩተር አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትሄደው ቀጥ ብላ ስለሆነ፣ መንገዱ በነጠረ ቁጥር የመሪው ኩሽኔታ ብዮች ያንኑ ቦታ ይቀጠቅጡታል፤ የኩሽኔታው መቀመጫ ላይ ተርታውን ትናንሽ ጎድጓዳ ይወጣል። ይህንን ግራሶ አያድነውም። መቀመጫውና ብዩ አብረው ይቀየራሉ፤ ብዩን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

የመሪውን ዘንግ ለማውረድ በውስጡ የሚያልፉትን የፊት ፍሬን ካቦና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ገመድ መፍታት የግድ ነው። ብዮቹ ልቅ ሊሆኑ ስለሚችሉ አስቀድሜ ጨርቅ አነጥፋለሁ። (የጋራዥ ወለል የበላውን ብይ ሲመልስ አላየሁም።) ሁሉም በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይደርቅና አዲሱ ግራሶ ይገባል፤ ብዮቹን በየቦታቸው አጣብቆ ስለሚይዝ ለመግጠምም ይረዳል። የላይኛው ቀለበት ልቅነቱ እስኪጠፋ ይጠብቅና ጥቂት ይመለሳል። ከዚያ ቆላፊው ዳዶ ይታሰራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፦ ቆላፊው ሲጠብቅ ከሥሩ ያለውንም ቀለበት አብሮ ይጫነዋል፤ ስለዚህ መሪውን እንደገና በሁለት ጣት መግፋት ነው። አላስፈላጊ ጉልበት አዲሱን ኩሽኔታ ገና መንገድ ሳይወጣ ያበላሸዋል።

የክንዷ ፒን ሌላ ጠባይ አላት። በመርፌ ኩሽኔታ ላይ ትወዛወዛለች እንጂ ሙሉ ዙር አትዞርም፤ ስለዚህ ግራሶው በራሱ አይሰራጭም፣ የክረምት ውኃ ከገባም ዝገቱ አንድ ቦታ ይበላል። የግራሶ መግቢያ ባላቸው ላይ ጥቁሩ ወጥቶ ንጹሑ እስኪታይ በፓምፕ እገፋለሁ።

ጎማው መሃል ላይ ግን እንዲህ ያለ ቸርነት አደጋ ነው። እዚያ ውስጥ የጎማው ኩሽኔታዎችና ቆጣሪውን የምታዞረው ትንሽ ጥርስ አሉ፤ ከፍሬኑ ታምቡር የሚለያቸው አንድ ፓራዮሊ ነው። ያረጀ ፓራዮሊ የተረፈውን ግራሶ አሳልፎ ለፍሬን ሸራው ይሰጣል። ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል፤ እኔ እጥለዋለሁ። የእነዚህ ስኩተሮች የፊት ፍሬን ድሮም ብርቱ አይደለም።

ደብልዩ ዲ 40 ይዘው የሚመጡም አሉ። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ኩሽኔታ ውስጥ ሲረጭ ግን ያለውን ግራሶ አቅጥኖ ያጥበዋል።

ሥራው ሲያልቅ የሚመጣው ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መሪው በጣም ቀለለብኝ።» ከደረቀ አንገት ጋር ሲታገል የኖረ ክንድ ይህን ቢል አይፈረድበትም። አዲስ መቀመጫ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ተደላድሎ ትንሽ ይላላል፤ ያኔ መልሰው እንዲያመጧት እነግራቸዋለሁ። የፊት ፍሬን ሲይዙ መሪው ሥር ቋ ካለ ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ሳይጠብቁ።