የቤተ መዘክር ጽሑፍና የጨዋታ አነጋገር

በውጭ አገር የቤተ መዘክር ባለሙያዎች ዘንድ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም ከቅርሱ አጠገብ የሚሰቀለው መግለጫ እንደ ደብዳቤ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ይጻፍ፥ ተመልካቹንም ፊት ለፊት ያነጋግረው የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመር ወደ አማርኛ ሊገባ አይገባውም። እንግሊዝኛ ለትልቁም ለትንሹም አንድ መጠሪያ ይበቃዋል። የኛ ጸሐፊ ግን አንተ፥ አንቺ፥ አንቱ ወይም እናንተ ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። አንድ ሽማግሌና አንድ ተማሪ ከአንድ መግለጫ ፊት ቢቆሙ፥ ጽሑፉ «አንተ» ቢል ሽማግሌውን ይደፍራል፤ «አንቱ» ቢል ልጁን ያስቃል። ሁለቱንም የሚያስተናግደው «እናንተ» ብቻ ነው።

የጨዋታ አነጋገር ቤተ መዘክርን ያዋርዳል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው፥ የውጭ ሰዎች ሉሲ ያሏት፥ በኛ ቋንቋ «ድንቅነሽ» ተብላለች። ይህ ስም ራሱ ፊት ለፊት መነጋገር ነው፤ ክብሯን ግን አልቀነሰም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ጉዳይ ሌላ ነው። ስለ ብቸናና ስለ ሞጣ መግለጫ እንጽፋለን ብንል ምን ይገጥመናል?

ከብቸና በላይ ዘለቀን እንውሰድ። የጽሕፈት ቤት አማርኛ «ደጃዝማች በላይ ዘለቀ» ብሎ በአንቱታ ይጽፋል። ሕዝቡ ግን በፍቅር «እሱ» ይለዋል፥ አባ ኮስትር ብሎም ይጠራዋል። ጸሐፊው የሕዝቡን አጠራር ቢወስድ አልነቅፈውም። የምነቅፈው የሕዝቡን ሙቀት ወስዶ ጥንቃቄውን ሲተው ነው። በጨዋታ ላይ ተናጋሪው ያየውን «አየሁ» ይላል፤ የሰማውን ግን «አሉ» ብሎ ይለያል። በላይ በአምስቱ ዓመት ጠላትን መዋጋቱ፥ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መሞቱ የታወቀ ነው። ስለ ጀግንነቱ ከሚተረከው ግን ብዙው «አሉ» ነው። ይህ ሁሉ ወደ ግድግዳ ሲወጣ «አሉ» ተፍቆ በ«ነው» ይተካል። እንግዲህ የጨዋታ አነጋገር ከደረቁ ጽሑፍ የሚበልጠው ለጆሮ ስለሚጥም ብቻ ሳይሆን፥ የታወቀውን ከተባለው ስለሚለይ ነው።

ከሞጣ ደግሞ ሰባራ ድልድይን እንመልከት። የተለመደው አጻጻፍ «ከፍተኛ ታሪካዊ ጠቀሜታ ያለው ጥንታዊ ድልድይ ነው» ይላል፤ ይህ ግን ምንም አይነግረንም። በጨዋታ ሲጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከሞጣ ወርዳችሁ ዐባይን ወደ በጌምድር የምትሻገሩት በዚህ ነበር። ድልድዩ በዐፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ ወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር።» አንዳንዱ ጸሐፊ ከዚህ ላይ «እናንተስ ብትሆኑ ትደፍሩ ነበርን?» ብሎ ይጨምር ይሆናል። እኔ እሰርዘዋለሁ። ገመዱ የተናገረውን ጥያቄው ይደግማል እንጂ የሚጨምረው የለም። ደግሞም መልስ ሳይሰሙ መጠየቅ ጨዋታ አይደለም።

እውነተኛው ችግርም ይኸው ነው፤ ግድግዳ ጆሮ የለውም። በብቸናም ሆነ በሞጣ የሚጫወት ሰው ቢሳሳት፥ አጠገቡ የተቀመጠው «የለም፥ እንዲህ አይደለም» ይለዋል። ስለዚህ መግለጫው ከመሰቀሉ በፊት ታሪኩን ለሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች በድምፅ ይነበብላቸው። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ፥ ከተሰቀለ በኋላ ሊያርሙት አይችሉም። በነሱ ፊት ተነብቦ ያልታረመ ጽሑፍ፥ «እናንተ» ስላለ ብቻ ከሰው ጋር ተነጋገረ አይባልም።