ስለ «አዲስ ዓለም» መጽሐፍ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» የሚነገርለት ወጣት ስሙ አወቀ ነው፤ የተጉለት ተወላጅ ሲሆን ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል። ቅኔ የቈጠረ ሰው በዚህ ስም ላይ ሳይቆም አያልፍም። ሰሙ የሰው ስም ነው፤ ወርቁ ግን ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ዕውቀትን ከፍቅር ጋራ አስተያይቶ የጻፈውን ያስታውሳል። አወቀስ አወቀ፤ አፈቀረ ወይ?

የተዝካርን ድግስና የልቅሶን ልማድ ሲነቅፍ እውነት አለው። ቤተ ሰብን ለዕዳ የሚዳርግ ድግስ ለሟች ምን ይረባዋል? ነገር ግን እኔ በተማሪነቴ ከተዝካር ቤት ደጃፍ እንጀራ የቀመስሁ ነኝና (ይህን አልሸሽግም) በዚያ የተቀመጠው ችግረኛ ትዝ ይለኛል። የአወቀ ምክር ይጥማል፤ ድምፁ ግን የዳኛ እንጂ የልጅ አይመስልም። ዘመዶቹን ያስከፋቸው አሳቡ ብቻ አይመስለኝም፤ ኀዘናቸውን ሳይካፈል ኀዘናቸውን ማረሙ ነው እንጂ። ደራሲው ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩና ይህን ሳያስተውሉት አልቀሩም።

ዛሬ ገንዘብ በስልክ ልኮ ከልቅሶ ቤት የሚቀር የተማረ ሰው በዝቷል። እርሱም ወጪ ቀንሷል፤ አወቀ ቢያየው ደስ ይለው እንደ ሆነ ግን እጠራጠራለሁ።