ከአውራ ጣት ያነሰ ወታደር

የእንግሊዟ ኖቲንግሃም በትንንሽ ወታደሮች ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የ«ዋርሃመር» ጨዋታ ባለቤት፣ ጌምስ ወርክሾፕ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጦር ይሰለፋል፣ ዳይስ ይወረወራል፣ አንዱ ያሸንፋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከውጊያው በፊት ያለው ሥራ ነው።

ወታደሩ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክንዱና ጭንቅላቱ ከፕላስቲክ ማቀፊያው ተቆርጠው፣ ጠርዛቸው በቢላ ተፍቆ ይጣበቃሉ። ስስ የመነሻ ቀለም ይረጭበታል፤ ዋናው ቀለም ይከተላል። ከዚያ ተአምረኛው ይመጣል፦ እንደ ውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም። ሲቀባ ከፍ ካለው ቦታ እየወረደ በልብሱ እጥፋትና በጣቶቹ መካከል ይተኛል፤ ሲደርቅ ጥላ ይሆናል። ቀለሙ ተጠርጎ ሊያልቅ በደረሰ ብሩሽ ጫፍ ጫፉን ዳበስ ሲያደርጉት ደግሞ ፀሐይ ያረፈበት ይመስላል። ዓይኑን ካልሳልን የሚሉ አሉ፤ በዚህ መጠን ለእኔ ከንቱ ድካም ነው።

የሚቆምባትን ክብ መሠረት የሚንቅ ሰው ግን አይገባኝም። ኮላ ተቀብታ አሸዋ ይነሰነስባታል፣ ትቀባለች፣ እዚህም እዚያም ሰው ሠራሽ ሣር ይተከልባታል። አቀባባቸው መካከለኛ የሆነ ሃምሳ ወታደሮች እንኳ አንድ ዓይነት መሬት ሲረግጡ ሠራዊት ይሆናሉ።

ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጨዋታ ሕግ ወታደሮቹ የሚወድቁት በመጫወቻ መድፍ የእንጨት ጥይት ተመትተው ነበር። ዛሬ እንዲህ በተለፋበት ወታደር ላይ እንጨት የሚተኩስ ጓደኛ ሁለተኛ አይጋበዝም።