የደም ምልክትና የአስም ሕፃናት የሳንባ አቅም፤ ስለ አንድ የጥናት ዓይነት የቀረበ ሂስ

አስም ካለባቸው ሕፃናት ጥቂት ደም ወስዶ፥ ትንፋሻቸውንም በመሣሪያ ለክቶ፥ ሁለቱን ቁጥሮች ማዛመድ በሕክምና መጽሔቶች ዘንድ የተለመደ የጥናት ዓይነት ሆኗል። አሠራሩ ቀላል፥ ወጪውም መጠነኛ ስለ ሆነ፥ ከትምህርት ባልንጀሮቼ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ይህን ርእስ የሚመርጥ አይጠፋም። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥናት ማጣጣል አይደለም፤ መደምደሚያው ከያዘው ማስረጃ ምን ያህል እንደሚርቅ መመርመር ነው እንጂ። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ነውና፥ አስቀድመን ሁለቱ ቁጥሮች ምን እንደ ሆኑ እንይ።

ከደም የሚለኩት በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1879 ኢዮሲን በሚባለው ቀይ ቀለም ሲነከር አይቶ ገለጸው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ሁለተኛው ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ ነው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1966ና በ1967 በአሜሪካ ኢሺዛካ ባልና ሚስት፥ በስዊድን ደግሞ ዮሐንሶንና ቤኒኽ ለየብቻቸው አስታወቁት። የሳንባ አቅም መለኪያው ስፒሮሜትር ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን ሀቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 በሰፊው አስተዋወቀው። ሕፃኑ አየር እስኪሞላ ድረስ ስቦ በሙሉ ኃይሉ ሲተነፍስ፥ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ያወጣው የአየር መጠን ይመዘገባል። የአየር ቧንቧው ከጠበበ ይህ መጠን ያንሳል።

ሁለቱን የማዛመድ አሳብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ኢዮሲኖፊል ወደ አየር ቧንቧው ግድግዳ ገብቶ መርዛማ ፕሮቲኖችን ያፈሳል፤ ግድግዳውም ያብጣል፥ አክታ ይበዛል። ሆርንና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ በአስም ሕሙማን ላይ የዚህ ሕዋስ ቁጥር ከፍ ሲል የሳንባ አቅም ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለንም። ክርክሩ የሚጀምረው «ስለዚህ ደሙ የሕፃኑን ሳንባ ሁኔታ ይነግረናል» ሲባል ነው።

አንደኛ፥ ዝምድና አለ ማለትና ዝምድናው ጠንካራ ነው ማለት አንድ አይደሉም። ለምሳሌ የዝምድናው መጠን 0.3 ቢሆንና ሕፃናቱ ብዙ ቢሆኑ፥ ሂሳቡ «በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» ይላል። ነገር ግን 0.3 በራሱ ሲባዛ 0.09 ነው፤ ይኸውም በሕፃናቱ መካከል ካለው የሳንባ አቅም ልዩነት ከመቶ 9 እጁ ብቻ ከደሙ ቁጥር ጋር ይሄዳል፥ 91ዱ ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቁጥር ስለ አማካይ መናገር ይቻላል፤ በሐኪሙ ፊት ስለ ተቀመጠው አንድ ሕፃን መፍረድ ግን አይቻልም። ደግሞም ቁጥሩ በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋት ዝቅ፥ ሌሊት ከፍ ይላል፤ ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት የወሰደ ሕፃን ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቁጥሩ ይወርድበታል። ሕመሙ የከበደበት ሕፃን መድኃኒቱን አብዝቶ ስለሚወስድ፥ ደሙ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። ደሙ የተቀዳበትን ሰዓትና የመድኃኒቱን መጠን የማይጽፍ ጥናት ስለዚህ የቆመው በአሸዋ ላይ ነው።

ሁለተኛ፥ ብዙዎቹ አስም ያለባቸው ሕፃናት ሕመሙ ባልተነሣበት ቀን ቢለኩ ትንፋሻቸው ከጤነኛ ሕፃን ብዙም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ከ5 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 1,041 ሕፃናት ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ቡደሶናይድ የተባለውን የሚሳብ ስቴሮይድ የወሰዱት ሆስፒታል የመግባታቸው ነገር ቀንሶ ታይቷል፤ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ወስደው ሲለኩ የተገኘው የሳንባ አቅማቸው ግን በመጨረሻው ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት አልተለየም። ስለዚህ የስፒሮሜትር ቁጥርና የሕፃኑ ሥቃይ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛውና ዋናው ነጥብ የሙከራ ማስረጃ ነው። የኢዮሲኖፊል ብዛት ራሱ የሳንባን አቅም የሚያወርድ ከሆነ፥ ሕዋሱን ስንቀንስ አቅሙ መነሣት ነበረበት። ሜፖሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ይህን ሕዋስ ከደም እጅግ ይቀንሳል። ሃልዳርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በአዋቂዎች ላይ ያወጡት ውጤት ድንገተኛ የሕመም መባባስ መቀነሱን፥ የሳንባ አቅም ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አለማሳየቱን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከ6 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 290 የአሜሪካ ከተማ ልጆች ላይ የታተመው ሙከራ ተመሳሳይ መልስ ሰጠ፤ መባባሱ ከመቶ 27 ያህል ቀነሰ፥ የሳንባ አቅም ልዩነት ግን አልታየም። እንግዲህ የደሙ ቁጥር የሚጠቁመው ዛሬ ሳንባው ምን ያህል እንደ ጠበበ ሳይሆን፥ ነገ ሕመሙ ሊነሣ መቻሉን ነው። ተመራማሪዎቻችን ግን ጥያቄውን ለተሳሳተው መልስ ያቀርቡታል።

አራተኛው ነጥብ ወደ አገራችን ያመጣናል። ወስፋትና መንጠቆ ትል ባለበት አገር ኢዮሲኖፊልም ኢሚውኖግሎቡሊን ኢም በትሉ ምክንያት ከፍ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1997ና በ2001 በታተሙት የጂማ ጥናቶች እንደ ታየው፥ በገጠር የሚኖሩት ከከተሜው ይልቅ አስም ያንስባቸዋል፤ መንጠቆ ትል የበዛባቸው ሰዎችም ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ነገር ያነሰ ነበር። እነዚህም ቢሆኑ የዝምድና ጥናቶች ናቸውና ትሉ ከአስም ይጠብቃል ብለን አንቸኩልም። ሆኖም ከሌላ አገር የመጣው የደም ምልክት እዚህ ያንኑ ትርጉም እንደማይሰጥ ለማሳየት ይበቃሉ። ነገሩም የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል በሆዱ ያለበት ሕፃን የኢዮሲኖፊል ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ ብቻ «አስሙ ከበደ» ተብሎ የስቴሮይድ ክኒን ቢጨመርለት፥ ትሉ በመላ ሰውነቱ ተሠራጭቶ ሊገድለው ይችላል። ሰገራ ሳይመረመር የሚጻፍ የደም ጥናት በእኛ አገር ጎዶሎ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው።

አምስተኛ፥ «ከሚጠበቀው ከመቶ ይህን ያህል» የሚለው የሳንባ ቁጥር የተሰላበት ሰንጠረዥ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ለዓለም አቀፍ አገልግሎት የወጣው ቀመር ሕዝቦችን በዘር ከፋፍሎ ነበር፤ ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ ግን ራሱን የቻለ ክፍል አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዘርን የማይለይ ነው። ሰንጠረዡ ሲለወጥ የአንዱ ሕፃን ሳንባ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። የትኛውን ሰንጠረዥ እንደ ተጠቀመ የማይገልጽ ጸሐፊ የለካውን ነገር አልነገረንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥናቱ ይቅር አንልም። የሚያጠናው ሰው የሰገራ ምርመራ ይጨምር፤ የመድኃኒቱንና የደሙን ሰዓት ይጻፍ፤ አንድ ቀን ለክቶ ከመሄድ ይልቅ ሕፃናቱን ለአንድ ዓመት ይከታተል፤ ጥያቄውንም «ሳንባው ስንት ነው?» ከማለት «ስንት ጊዜ ታመመ? ስንት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ?» ወደሚለው ይመልሰው። ይህ ሥራ ከአንድ ተማሪ አቅም በላይ ቢሆን፥ ብዙዎች ተባብረው አንዱን ከሚሠሩ በቀር፥ እያንዳንዱ ለየራሱ ትንንሽ ዝምድና ቢቆጥር ለሕፃኑ የሚተርፍለት ነገር የለም። መምህራኖቻችንም የመመረቂያ ርእስ ሲያጸድቁ የሂሳቡን ውጤት ከመጠየቃቸው በፊት ይህን እንዲጠይቁ እናሳስባለን።