‹‹አቦ፣ ጣትህን እንዲህ አድርገው››

ድሬዳዋ ሠርግ ላይ የሚጫወት ሙዚቀኛ ከሸላሚው ሁለት ነገር ይቀበላል፤ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፣ ምክሩ ጆሮው ላይ ይንቆረቆራል። ‹‹አቦ፣ ቤዙን አንሳው!›› ‹‹ሸጎዬ እንዲህ አይመታም!›› ‹‹ጣትህን ለምን ታጥፈዋለህ? እኔም ድሮ ጊታር እመታ ነበር።›› ዘፈኑ እስኪያልቅ የሚጠብቅ የለም። በድሬ ትንሹም ትልቁም ‹‹አንተ›› ስለሚባል፣ ከጎንደር ወይም ከደሴ ለሥራ የመጣ ተጫዋች መጀመሪያ ላይ የተናቀ ሊመስለው ይችላል። ንቀት አይደለም፤ የከተማው ቅርርብ ነው።

በጨዋታ መሃል ጣልቃ መግባት ደግሞ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪ ቤት ታዳሚው ‹‹ተቀበል!›› ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቆም ተቀብሎ ያዜመዋል። ግጥም ሰጪው ግን ስለ ደጋን አያያዝ አንድ ቃል አይተነፍስም። ማሲንቆ ያላት ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ክር ናት፤ ተጫዋቹም ከአንገቱ እንጨት ጋር ሳያጣብቅ ከጎን በጣቱ ይነካታል። የቫዮሊን መምህር ቢያይ ራሱን ይይዝ ነበር። ታዳሚው ዝም የሚለው ስለማያገባው ሳይሆን ነክቶት ስለማያውቅ ነው። ጊታርና ኪቦርድ ላይ ግን ሁሉም ሰው አንድ ቀን ጣቱን አሳርፏል፤ የጣት ምክር የሚበዛውም እዚያ ነው።

ቢሆንም ምክሩን ሁሉ በአንድ ጆሮ ሰምቶ በሌላው ማፍሰስ፣ በተለይ ድሬዳዋ ላይ፣ ኪሳራ አለው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆራት ይህች ከተማ አንድ ሠርግ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ የሚናገሩ እንግዶችን ታስቀምጣለች። ተጫዋቹ ከኦሮሞው ሸጎዬ ወደ ሶማሌው ዳንቶ፣ ከዳንቶ ወደ እስክስታ በአንድ ምሽት ይሻገራል። ኪቦርዱ ውስጥ ያስቀመጠው የዳንቶ ምት አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ልክ መስሎ ሊሆን ይችላል። መጋላ ሰፈር ያደገች እናት ተነስታ ልትጨፍር ስትል እግሯ ካልገጠመላት ግን ዳኛዋ እሷ ናት። ‹‹ትንሽ ወደኋላ ጎትተው›› ካለች፣ ሙዚቃ ቤት ተቀምጦ የማይገኝ ትምህርት በነፃ እየሰጠችው ነው።

የአካባቢው ሙዚቃ ራሱ ያደገው በእንዲህ ዓይነት ጆሮ ሥር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ ከተማ የተቋቋመው የሙዚቃ ቡድን አፍረን ቀሎ ዘፈኑን ለሠርግና ለበዓል ሕዝብ ያቀርብ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው ድምፃዊ ዓሊ ቢራም ገና በልጅነቱ የገባው እዚያ ነበር፤ በኋላ የክብር ዘበኛ ባንድ አባል ሆነ። ዓሊ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዓረብኛም ዘፍኗል። በእነዚህ ሁሉ ቋንቋዎች የሚዘፍን ሰው በየቋንቋው የሚያርመው ጎረቤት አያጣም።

ሌላው ሊሰማ የሚገባው ምክር የመቃኛ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ በእጥፍ ግድም ከፍ ትላለች። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ የቀን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የጊታር ብረት ክር ሲሞቅ ይለጠጥና ድምፁ ይወርዳል። የሳክስፎን ድምፅ ደግሞ በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይወጣል። ኪቦርዱ ባለበት ይቆማል። የቀትር በኋላ ሠርግ ላይ ሦስቱ ሦስት መንገድ ሲሄዱ፣ ጆሮው በሥራው ለተጠመደው ተጫዋች ቶሎ ላይታወቀው ይችላል። በጫት በርጫ ላይ ሙዚቃ ሲያዳምጥ የኖረ የከዚራ ሰፈር ሽማግሌ ግን ከሦስተኛው ጠረጴዛ ሆኖ ይሰማዋል። ‹‹ጊታርህ ወርዷል›› ሲለው ይመነው።

የጣት ምክር ግን ሌላ ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ዱክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ 16 የሙዚቃ ተማሪዎች አጭር ዜማ በኪቦርድ እንዲጫወቱ ተደረገ። አንዴ ጣታቸውን፣ አንዴ ቁልፎቹን፣ አንዴ ክር የሚመታውን የፒያኖ መዶሻ፣ አንዴ የሚወጣውን ድምፅ እንዲያስቡ ተነገራቸው። በኋላ ለየት ባለ ዜማ ሲፈተኑ አጨዋወታቸው ይበልጥ እኩል የሆነው ድምፁን ወይም መዶሻውን ሲያስቡ ነበር። ሰው ስለ ጣቱ ማሰብ ሲጀምር የለመደው እጅ ሊደናበር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ‹‹ጣትህን አታጥፈው›› የሚለው ምክር እውነት እንኳ ቢሆን፣ በመዝፈኛው ሰዓት ሲሰጥ የሚያተርፈው ስህተት ነው። የእጅ ለውጥ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት።

ምክሩ እውነት ላይሆንም ይችላል። አሜሪካዊው የጃዝ ተጫዋች ዲዚ ጊሌስፒ ጉንጮቹን እንደ ፊኛ ነፍቶ ትራምፔት ሲነፋ፣ የመሣሪያው መምህራን አታድርጉ የሚሉትን እያደረገ ነበር። የእኛው ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሸላይ ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ሲያሻግር፣ ድምፁን ሆን ብሎ አሻክሮና አንቀጥቅጦ ነው። ‹‹አለስልሰው›› ብሎ የመከረው ሰው ቢኖርና ቢሰማው ኖሮ፣ በስተእርጅናው ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አውሮፓን የዞረው ድምፅ አይኖርም ነበር።

ታዲያ ሠርጉ መሃል ምን ይደረግ? ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች መድረክ ላይ አይከራከሩም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መጫወታቸውን ይቀጥላሉ። የድምፅ ጉዳይ ከሆነ በዓይን ወደ ሚክሰሩ ይጠቁማሉ፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ጥፋት እዚያ ነው። ባንዱ መሪ ካለው አማካሪውን እሱ ይቀበለዋል፤ ጥሩ መሪ ይህን ሲያደርግ ከሶሎ በላይ ዋጋ አለው። እረፍት ላይ ደግሞ ወደ አማካሪው ሄዶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያዋጣል፦ ‹‹ምን ሰማህ?›› ‹‹ጣትህ ታጥፏል›› ያለው ሰው ‹‹ፈጣኑ ቦታ ላይ ኖታው ተዋጠብኝ›› ብሎ ከመለሰ፣ ምክሩ ፍሬ አፈራ። መፍትሔው ጣት መዘርጋት ይሁን፣ ፍጥነት መቀነስ ወይም ሞኒተሩን ማስተካከል የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ምንም ካልሰማና ያየው ብቻ ከሆነ፣ አመስግኖ ወደ ሻዩ መመለስ ነው። የምሽቱን ቅጂ በስልክ ይዞ በማግስቱ ማዳመጥም ብዙ ክርክር ይዘጋል፣ አንዳንዴም በሽማግሌው ወገን።

ከሁሉ የሚከብደው ደጋግሞ የሸለመው ሰው ነው። መቶ ብር በለጠፈ ቁጥር አንድ ትእዛዝ ይጨምራል፤ ሙዚቀኛውም ኪሱን ያስባል። የዘፈን ምርጫውን ይሸጥለት፤ ይህ የሠርግ ሥራ ወግ ነው። የእጁን አያያዝ ግን አይሽጥለት።

ለድሬ ታዳሚ አንድ ልመና አለ። ምቱ እግራችሁ ላይ ካልገባ፣ ዜማው ከእናታችሁ ዜማ ካፈነገጠ፣ ጊታሩ ከወረደ ተናገሩ፣ ጮክ ብላችሁም ተናገሩ፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የጣቱን ነገር ግን ቢያንስ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ መሣሪያው መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ያዙለት።