የቦረና ቃሉና የህንድ ሊቃውንት የዘመን ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ደቡብ ቆላ ሕዝቦች እምነት በሚጻፉ የተማሪዎች ድርሰቶች ውስጥ አንድ ልማድ ሲበረታ አያለሁ። የቦረና ኦሮሞ ስለ ዋቃ፥ ስለ ቃሉና ስለ ዘመን መመላለስ የሚናገረው ገና ተገልጾ ሳያበቃ የህንድ ፍልስፍና ይጠራና፥ የቦረናው ትምህርት የህንዱ ጥላ ሆኖ ይቀርባል። እኔም በውጭ ሀገር ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ንጽጽር በወረቀት ላይ ሞክሬው ነበርና፥ የምነቅፈው የሌላውን ስሕተት ብቻ አይደለም።

ንጽጽሩ የሚያጓጓ መሆኑ አይካድም። አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፥ አያንቱ የተባሉት የቦረና ዘመን ቆጣሪዎች 27 የቀን ስሞች አሏቸው፤ እያንዳንዱም ቀን የራሱ አያና አለው። የህንድ ጥንታውያን ኮከብ ቆጣሪዎችም የጨረቃን መንገድ በ27 ማረፊያዎች ይከፍሉታል። ይህን ያየ ሰው የህንድ ውቅያኖስን ነጋድያን ለማሰብ ይቸኩላል። ነገር ግን ጨረቃ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነሥታ ወደዚያው እስክትመለስ ድረስ የሚፈጅባት 27 ቀን ከሲሶ ያህል ነው። ሌሊት ከብቱን እየጠበቀ ሰማይን የሚመረምር ሕዝብ ወደዚህ ቁጥር ለመድረስ ከባሕር ማዶ መምህር አያሻውም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው የመገለጥ ነገር ነው። እዚህ ላይ አስቀድሞ የሚያሳስተን የገዛ ቋንቋችን ነው። የአማርኛ አንባቢ «ቃሉ» የሚለውን ባየ ጊዜ ሳያስበው የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ትዝ ይለዋል። የቦረናው ቃሉ ግን («ሉ» ጠብቆ ይነበባል) ከእኛ «ቃል» ጋር የማይዛመድ የሹመት ስም ነው። የመጀመሪያው ቃሉ ከሰማይ እንደ ወረደ ይተረካል፤ ማዕርጉም በዘር ይተላለፋል። ሳቦና ጎና ከተባሉት ሁለት ወገኖች እያንዳንዱ የራሱ ታላቅ ቃሉ ሲኖረው፥ የሳቦው ከካራዩ፥ የጎናው ከኦዲቱ ጎሳ ነው።

ይህን «የቦረና ሽሩቲ» ብሎ መጥራት ነገሩን መገልበጥ ነው። ሽሩቲ ማለት «የተሰማ» ማለት ሲሆን፥ በዚህ ስም የሚጠሩት ቬዳዎች ናቸው። የሚማንሳ ሊቃውንትማ ቬዳን የደረሰው ሰውም አምላክም የለም እስከ ማለት ይደርሳሉ፤ ብራህማናቱም ድምፁ እንኳ እንዳይዛባ በቃል አጥንተው ከትውልድ ወደ ትውልድ አሳልፈውታል። እንግዲህ በህንድ የተገለጠው ንባብ ነው። በቦረና ግን የወረደው ሰው ነው፤ ይዞት የወረደ ንባብ የለም። ቃሉ ይመርቃል፤ የገዳ መሪዎችም የሚመረጡት በእርሱ መንደር ነው። ሴራ የተባለውን ሕግ የሚመረምረውና የሚያሻሽለው ግን በየ8 ዓመቱ የሚሰበሰበው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ነው። ሰማይ ሰውን ሰጠ፤ ሕጉን ማሰብ ለሰዎች ተተወ። በባጋቫድ ጊታ እንደሚነገረው፥ ጽድቅ በደከመ ቁጥር በየዘመኑ የሚወርድ አምላክም እዚህ የለም።

ስለ መጪው ዘመን የሚደረገው ንጽጽር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ተማሪዎቻችን «የህንድ ትምህርት» ብለው የሚጠቅሱት የመንፈስ ዕድገት ዐሳብ በአብዛኛው የስሪ ኦሮቢንዶ (1872–1950 እ.ኤ.አ.) ነው። በካምብሪጅ የተማረው ይህ ሰው ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ«አርያ» መጽሔት በተከታታይ ባወጣው «መለኮታዊ ሕይወት» በተባለው ሥራው፥ ከግዑዝ ነገር ሕይወት፥ ከሕይወትም አእምሮ እንደ ተገኘ ሁሉ፥ ወደፊት ከአእምሮ በላይ የሆነ ንቃት ይገለጣል፤ ሰውም በመሸጋገሪያ ላይ ያለ ፍጡር ነው ሲል አስተማረ። ታላቅ ዐሳብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የፑራናዎቹ ዘመን ቆጠራ የሚሄደው ቁልቁል ነው፤ 4,320,000 ዓመት የሚፈጁት አራቱ ዩጋዎች ከመልካሙ ተነሥተው እኛ አለንበት ወደሚባለው ወደ ካሊ ዩጋ ይወርዳሉ፤ ከዚያም እንደገና ይጀመራል። ኦሮቢንዶ ቬዳን መሠረቴ ቢልም፥ በአውሮፓ የተፈጥሮ ዕድገት ሳይንስ ለተነሣው ጥያቄ መልስ የሰጠ የሃያኛው መቶ ዓመት ሰው ነው። የእርሱን መሰላል የህንድ ሁሉ መሰላል ማድረግ ህንድንም መበደል ነው።

ቦረና ዘንድ መውጫም መውረጃም መሰላል አላገኘሁም። አምስቱ ጎጌሳዎች ሥልጣኑን በየ8 ዓመቱ ስለሚቀባበሉ፥ ተራው በ40 ዓመት ወደዚያው መስመር ይመለሳል። በአባቶች ገዳ የደረሰው ደግ ወይም ክፉ ነገር በልጆቹ ገዳ ሊደገም ይችላል፤ ይህም ዳቺ ይባላል። እኔ እንደምረዳው ዳቺ የተዘጋ ዕጣ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ያለፈውን የሚያውቅ መሪ፥ የተጣላን በማስታረቅና ሥርዓትን በማጽናት ክፉው እንዳይመለስ ይጥራል። ራጋ የተባለው ትንቢት ተናጋሪም ስለሚመጣው ቢናገር፥ የሚሰማው ሰው የሚጠይቀው ምን ልሥራ ብሎ ነው።

በነገሌ ቦረና አንድ ሽማግሌ ስለ መጪው ዘመን ብጠይቃቸው፥ ካለፉት የገዳ አባቶች አንዱን ጠርተው የዚያን ዘመን ጦርነትና ድርቅ ይተርኩልኝ ጀመር። ጥያቄዬ በትርጉም የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አቋረጥኋቸው፤ በትዕግሥት ወደ ተዉበት ተመለሱ። ለካ መልሱን እየሰጡኝ ኖሯል።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው፥ ከሊበን እስከ ድሬ ከብቱ አለቀ፤ እረኛው ወደ ከተማ ዳር ተሰደደ። አንድ ተማሪ ይህንኑ መከራ ኦሮቢንዶን ጠቅሶ «የሕዝቡ መንፈስ ወደ ላቀ ደረጃ የሚሸጋገርበት ምጥ» ሲል ጻፈልኝ። አረፍተ ነገሩ ያማረ ነበር። በውስጡ ግን ጉድጓድ የሚያስጠርግ ሰው፥ የግጦሽ ጠብ የሚዳኝ ሽማግሌ፥ ጥፋተኛ መሪን የሚገሥጽ ጉባኤ አልነበረም፤ መከራው አስቀድሞ ትርጉም ስለ ተሰጠው፥ ማንም የሚጠየቅበት አልሆነም። ድርሰቱን ስመልስለት ከዳር የጻፍሁለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያው ጎጌሳ ከ40 ዓመት በፊት አባ ገዳ የነበረው ማን ነው? በእርሱስ ዘመን ምን ሆኖ ነበር?